«ከኃይሌ ምኑ?»፦ በእንግሊዝኛ ፈተና የማነጻጸሪያ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ሲሠራ

ሐዋሳ ውስጥ ለማትሪክና ለቶፍል የሚዘጋጁ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። በየሳምንቱ ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ይመጣል። የፈተና ወረቀት ነው፤ ሁለት ቾይዝ ተከቦበታል። ከሥሩ «ቲቸር፣ ሁለቱም ልክ ናቸው እኮ!» የሚል መልእክት አለ። ፎቶውን ሳሰፋው ብዙ ጊዜ የማገኘው ማነጻጸሪያ ነው። ይህ ከዚያ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይመሳሰላል የሚል ዓረፍተ ነገር። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ ስመልስ የከረምኩትን ሰብስቤ እዚህ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። ከዚያ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጧቸው። ስትገለብጡ የምትሳሳቱበት ቦታ ፈተና ላይም የምትሳሳቱበት ቦታ ነው። ስለዚህ እባካችሁ አትዝለሉት።

የሚያስፈልጋችሁ

• ያለፉ ዓመታት የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከነመልሱ። መልስ የሌለው ወረቀት ስህተታችሁን ያለማምዳችኋል እንጂ አያርመውም።
• ደብተር። ገጹን ከላይ እስከ ታች መሀሉን በመስመር ክፈሉት። አንዱ ወገን «ግራ»፣ ሌላው «ቀኝ» ይባላል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።
• እርሳስና ላፒስ።
• ሰዓት የሚይዝ ስልክ። ዳታው ይጠፋ። የቶፍል አይቲፒ የግራመር ክፍል 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነው። ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ 37 ሰከንድ ተኩል ይደርሳል። በቀስታ ጀምሩ፤ መጨረሻ ላይ ግን እዚያ መድረስ አለባችሁ።

ከደረጃዎቹ በፊት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር እዩልኝ።

«ቀነኒሳስ ታይም ዋዝ ፋስተር ዛን ኃይሌ።»

ኃይሌ ገብረሥላሴ በፈረንጆቹ 1998 የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰን 12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ አድርሶት ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 ወደ 12 ደቂቃ ከ37.35 አወረደው። ወሬው እውነት ነው፤ የቀነኒሳ ሰዓት ይፈጥናል። ግራመሩ ግን ስህተት ነው። በግራ በኩል ያለው ሰዓት ነው። በቀኝ በኩል ያለው ሰው ነው። ሰዓት ከሰው ጋር አይወዳደርም። ትክክሉ «ዛን ኃይሌስ» ነው፤ ማለትም ከኃይሌ ሰዓት።

አማርኛችን ይህን ስህተት ይደብቀዋል። «የቀነኒሳ ሰዓት ከኃይሌ ይፈጥናል» ብንል ማንም አያርመንም፤ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። እንግሊዝኛ ፈተና ግን አይሞላላችሁም። ጥያቄውን የሚያወጣው ሰው የሚጠብቃችሁ እዚያው ክፍተት ላይ ነው። የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ያን ክፍተት ለማየት ነው የሚጠቅሙት።

ደረጃ 1፦ ምልክቱን ክበቡ

ዓረፍተ ነገሩን ስታነቡ እነዚህን ቃላት እንዳያችሁ ክበቧቸው፦ ዛን፣ አዝ … አዝ፣ ላይክ፣ አንላይክ፣ ኮምፔርድ ቱ፣ ሲሚላር ቱ፣ ዲፈረንት ፍሮም፣ ሞር፣ ሌስ፣ ፊወር። መጨረሻቸው «ኧር» ወይም «ኤስት» የሚሉ ቅጽሎችንም ጨምሩ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ጥያቄው ምን እየፈተነ እንደሆነ ካላወቃችሁ ቾይዞቹን በጊዜ (በቴንስ) ወይም በነጠላና ብዙ ስትመዝኑ ሰዓታችሁ ያልቃል። ምልክቱ ከተከበበ ግን የምትሄዱበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ምልክቱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አንድ ቃል ናት፣ ጊዜ አትወስድም።

ደረጃ 2፦ ግራና ቀኙን ጻፉ

ከተከበበው ቃል በፊት የሚወዳደረውን ነገር «ግራ» ላይ፣ ከኋላው ያለውን «ቀኝ» ላይ ጻፉ። አንድ አንድ ቃል ብቻ። ማብራሪያውን ሁሉ ቀንሱት።

ለምሳሌ ይህ፦

«ዘ ደፕዝ ኦፍ ሌክ ሐዋሳ ኢዝ ግሬተር ዛን ____።»
ሀ) ሌክ ዝዋይ
ለ) ዛት ኦፍ ሌክ ዝዋይ
ሐ) ዞዝ ኦፍ ሌክ ዝዋይ
መ) ዘ ሌክ ኦፍ ዝዋይ

ግራ፦ ደፕዝ፣ ጥልቀት። ሐይቁ አይደለም! ብዙዎች «ሐዋሳ ሐይቅ» ብለው ይጽፋሉ፤ ምክንያቱም ለ«ዛን» ቅርብ የሆነው ስም እሱ ነው። እናንተ ግን «የሚበልጠው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚበልጠው ጥልቀቱ ነው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እሱ ነው።

ቀኝ፦ በሀ ቾይዝ ሐይቅ። በመም ሐይቅ። ጥልቀት ከሐይቅ ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። ሁለቱ ወደቁ። ቀሪው ለ እና ሐ ነው፤ ደረጃ 4 ላይ እንለያቸዋለን።

በነገራችን ላይ ይህን ምሳሌ የምወደው ልጆቹን ስለሚያከራክራቸው ነው። ዝዋይ በስፋት ሐዋሳን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በጥልቀት ግን ሐዋሳ ይበልጣል። «የሚበልጠው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ «ምኑ?» ካልተባለ መልስ የለውም። ፈተናውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 3፦ «ምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

በቀኝ በኩል ያለውን ስም አንሡና «የእሱ ምኑ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁ። ከኃይሌ? የኃይሌ ምኑ? ሰዓቱ። ከዝዋይ? የዝዋይ ምኑ? ጥልቀቱ። መልስ ከተገኘ እንግሊዝኛው የጎደለ ነገር አለው ማለት ነው። የጎደለውን የሚሞሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦

— «ዛት ኦፍ» ወይም «ዞዝ ኦፍ»፦ «ዛት ኦፍ ሌክ ዝዋይ»
— በስሙ ላይ የሚጨመር የባለቤትነት «ኤስ»፦ «ኃይሌስ»
— ስሙን ራሱን መድገም፦ «ዘ ደፕዝ ኦፍ ሌክ ዝዋይ»

ሦስቱም ልክ ናቸው። ፈተና ላይ ግን አንዱ ብቻ ነው የሚቀርብላችሁ።

አማርኛችንም ለዚህ የሚሆን ትንሽ መሣሪያ አለው። «ከዝዋይ» እና «ከዝዋዩ»፣ «ከአዳማ» እና «ከአዳማው» የተለያዩ ናቸው። «የሐዋሳ ገበያ ከአዳማው ይሻላል» ስንል «ው» የምትለው ፊደል «የአዳማው ገበያ» ማለት ሆናለች። እንግሊዝኛ «ዛት ኦፍ» የሚለው ያችኑ «ው» ነው። ብዙ ቁጥር ሲሆን ደግሞ «ከአዳማዎቹ» እንላለን፤ ያ «ዞዝ ኦፍ» ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ጣውላው ላይ አንድ አምባዛና አንድ ቆሮሶ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የአምባዛው ራስ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ጢሙ ጣውላው ጠርዝ ድረስ ተዘርግቷል። አንዷን «በእንግሊዝኛ አወዳድሪልኝ» አልኳት። «ዘ ሄድ ኦፍ ዘ አምባዛ ኢዝ ዋይደር ዛን ዘ ቆሮሶ» አለች። እኔ ምንም አላልኩም። አንድ ጣቴን የአምባዛው ራስ ላይ አደረግሁ፤ በሌላው እጄ ቆሮሶውን ከራሱ እስከ ጅራቱ በሙሉ አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ዛት ኦፍ ዘ ቆሮሶ!» ብላ ጮኸች፤ ዓሣ የሚበልተው ልጅ ቢላዋውን ይዞ ቀና አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ይህን ጥያቄ ተሳስታ አታውቅም። እናንተም ፈተና ላይ ሁለት ጣታችሁን ተጠቀሙ፤ አንዱ ግራው ላይ፣ አንዱ ቀኙ ላይ።

«ምኑ?» ለሚለው መልስ ካጣችሁስ? «ሐዋሳ ኢዝ ላርጀር ዛን ዲላ» ቢል፣ የዲላ ምኑ? ምንም። ከተማ ከከተማ ጋር ነው። ምንም አትጨምሩ።

አንዳንዴ የሚወዳደሩት ነገሮች ስሞች አይደሉም። ቦታ ሲሆን ቃሉ ይደገማል፦ «ኢት ሬይንስ ሞር ኢን ሐዋሳ ዛን ኢን አዳማ»። ሁለተኛው «ኢን» ከቀረ ፈተናው ስህተት ይለዋል፤ ግራው «በሐዋሳ» ከሆነ ቀኙም «በአዳማ» መሆን አለበት። ድርጊት ሲሆን ደግሞ «ዱ»፣ «ዳዝ» ወይም «ዲድ» ይገባል፦ «ማይ ብራዘር ሪድስ ሞር ዛን አይ ዱ»።

«አንላይክ» እና «ላይክ» በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሲመጡም ሕጉ ያው ነው፤ ቀኙ ብቻ ቦታ ቀይሯል። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ስም ከ«አንላይክ» ጎን ያለው ነገር እኩያ መሆን አለበት። «አንላይክ አዳማ፣ ሐዋሳ ሲትስ ኦን ኤ ሌክ» ልክ ነው፤ ከተማና ከተማ። «አንላይክ አዳማ፣ ዘ ስትሪትስ ኦፍ ሐዋሳ…» ብሎ ከጀመረ ግን ወድቋል፤ ከተማና መንገድ ነው።

ደረጃ 4፦ «ዛት» ወይስ «ዞዝ»?

ወደ ግራው ቃል ተመለሱ። ነጠላ ከሆነ ወይም የማይቆጠር ከሆነ «ዛት»። ብዙ ከሆነ «ዞዝ»። ጥልቀት ነጠላ ነው፤ ስለዚህ የሐይቁ ጥያቄ መልስ ለ ነው። «ዘ ስትሪትስ ኦፍ ሐዋሳ አር ዋይደር ዛን ዞዝ ኦፍ ጁጎል» ቢል ደግሞ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ «ዞዝ»። የሐረር ጁጎልን ጠባብ መተላለፊያ ያየ ሰው ይህን ምሳሌ አይረሳውም።

ወጥመዱ እዚህ ነው፦ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ቶሜቶዝ ኢን አዳማ ኢዝ ሎወር ዛን (ዛት / ዞዝ) ኢን ሐዋሳ»። ቲማቲሞቹን አይተው ብዙዎች «ዞዝ» ያጠቁራሉ። የሚወዳደረው ግን ዋጋ ነው። ዋጋ አንድ ነው። መልሱ «ዛት»። ደረጃ 2ን በትክክል ከጻፋችሁ እዚህ አትሸወዱም፤ ግራው ላይ ቲማቲም አልጻፋችሁምና።

ደረጃ 5፦ ራሱን ከራሱ ጋር እያወዳደረ እንዳይሆን ተመልከቱ

«ራስ ዳሸን ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ።» ምን ችግር አለው? ራስ ዳሸን ራሱ የኢትዮጵያ ተራራ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራስ ዳሸን ከራስ ዳሸን ይበልጣል እያለ ነው። «ኤኒ አዘር ማውንቴን» መባል አለበት። «አዘር» የገባችው እሱን ከቡድኑ ለማውጣት ነው።

አገሩን ቀይሩት፦ «ራስ ዳሸን ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ጅቡቲ»። አሁን «አዘር» አያስፈልግም። ብትጨምሩት ራስ ዳሸንን ጅቡቲ ወሰዳችሁት። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠይቁ፦ በግራ ያለው በቀኝ ባለው ቡድን ውስጥ አለ? ካለ «አዘር»፣ ሰው ከሆነ ደግሞ «ኤኒዋን ኤልስ»። ከሌለ ምንም።

«ኤስት» ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። «ዘ ሃየስት ኦፍ ኦል ዘ አዘር ማውንቴንስ» ስህተት ነው። ከቡድኑ አንደኛ ለመሆን ቡድኑ ውስጥ መገኘት ግድ ነው፤ «አዘር» ግን ያስወጣዋል። «ዘ ሃየስት ኦፍ ኦል ዘ ማውንቴንስ» በቂ ነው።

አማርኛ «ከሁሉም ይበልጣል» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ይጨርሳል። ለዚህ ነው ጆሯችን የማይነቃው።

ደረጃ 6፦ ሁለት ናቸው ወይስ ከዚያ በላይ?

ሁለት ከሆኑ «ኧር» ወይም «ሞር»። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ «ኤስት» ወይም «ሞስት»። «ኦፍ ዘ ቱ» የሚል ካያችሁ «ዘ ታለር» ነው፤ «ዘ» ትኖራለች፣ «ኤስት» ግን አትገባም። አጭር ቃል «ኧር» ይወስዳል፣ ረጅም ቃል «ሞር»። ሁለቱን አንድ ላይ አትደርቡ፤ «ሞር ታለር» የሚባል የለም። ይህ ደረጃ ይህን ያህል ነው፤ እንለፍ።

ደረጃ 7፦ ይቆጠራል?

እኛ ለሁሉም «ያነሰ» እንላለን። እንግሊዝኛ ይለያል። አንድ፣ ሁለት ተብሎ ለሚቆጠር ነገር «ፊወር»፤ ለማይቆጠር «ሌስ»። «ፊወር ባጃጅስ»፣ «ሌስ ዳስት»። ባጃጅ ይቆጠራል፣ አቧራ አይቆጠርም። «ናምበር ኦፍ» እና «አማውንት ኦፍ»ም እንደዚሁ ናቸው።

አንድ ተለይቶ የሚወጣ ነገር አለ። ገንዘብ፣ ርቀትና ጊዜ ቁጥር ቢኖራቸውም እንደ አንድ ድምር ስለሚታዩ «ሌስ» ይወስዳሉ፦ «ሌስ ዛን ፊፍቲ ብር»፣ «አዳማ ኢዝ ሌስ ዛን ኤ ሃንድረድ ኪሎሜተርስ ፍሮም አዲስ አበባ»። ኪሎ ሜትሮቹን አንድ በአንድ አይደለም የምንቆጥረው፤ መንገዱን በጠቅላላ ነው።

ደረጃ 8፦ የቃሉን ጥንድ አረጋግጡ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የእኛ ተማሪ ነጥብ የሚጥልበት ዋናው ቦታ ነውና።

አማርኛ ውስጥ «ከ» ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ከሐዋሳ መጣሁ» ስንል መነሻ ነው። «ከሐዋሳ ይበልጣል» ስንል ማነጻጸሪያ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «ፍሮም» ሲሆን ሁለተኛው «ዛን» ነው። ለዚህ ነው ብዙ ልጅ «ሂ ኢዝ ታለር ፍሮም ሚ» ብሎ የሚጽፈው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ «ከ»ን በቀጥታ ስለተረጎማት ነው። «ኧር» ወይም «ሞር» ወይም «ሌስ» ካለ ጥንዱ «ዛን» ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። «ከ» የምትባልባቸው ሌሎች ቃላት ደግሞ «ዛን» አይወስዱም፦

— «ከ… ይለያል»፦ ዲፈረንት ፍሮም። እዚህ «ፍሮም» ትክክል ነው።
— «ከ… ይመረጣል» ወይም «ይህን ከዚያ እመርጣለሁ»፦ ፕሪፈር … ቱ። «አይ ፕሪፈር ፊሽ ቱ ሚት።»
— «ከ… የላቀ»፦ ሱፒሪየር ቱ። «ከ… ያነሰ» ደረጃ፦ ኢንፊሪየር ቱ። «ሲኒየር» እና «ጁኒየር»ም «ቱ» ይወስዳሉ።
— «ከ… ጋር ይመሳሰላል»፦ ሲሚላር ቱ።
— «ከ… ጋር አንድ ነው»፦ ዘ ሴም አዝ።

ይህን ዝርዝር ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት። ግራ በኩል የአማርኛው «ከ»፣ ቀኝ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል። እውነቱን ለመናገር ከስምንቱ ደረጃዎች በሽምደዳ የሚያዘው ይህ ብቻ ነው።

«አዝ» ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። «አዝ ጉድ አዝ» ነው፤ «አዝ ጉድ ዛን» የለም። ፈተና አውጪዎች በጣም የሚወዷት አንዲት ቅርጽ አለች፦ «ሂዝ ኢንግሊሽ ኢዝ አዝ ጉድ ኦር በተር ዛን ማይን»። ስትሰሙት ልክ ይመስላል። ግን «አዝ ጉድ» ብሎ ጀምሮ ሁለተኛውን «አዝ» ሳይዘጋ ሄደ። ትክክሉ «አዝ ጉድ አዝ ኦር በተር ዛን ማይን» ነው። መፈተኛ መንገዱ ቀላል ነው፦ «ኦር በተር»ን በጣታችሁ ሸፍኑትና አንብቡ። «አዝ ጉድ ዛን ማይን» ይቀራል። አሁን ጆሯችሁን ይቆረቁረዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ

«ዘ ናምበር ኦፍ ስቱደንትስ ኢን ማይ ክላስ ኢዝ ሃየር ዛን ____።»
ሀ) ዩር ክላስ
ለ) ዞዝ ኢን ዩር ክላስ
ሐ) ዛት ኢን ዩር ክላስ
መ) ዘ ስቱደንትስ ኢን ዩር ክላስ

ምልክቱ «ዛን» ነው፤ ክበቡ። ግራ ምን ጻፋችሁ? «ናምበር»፣ ቁጥር። ተማሪዎች ወይም ክፍል ከጻፋችሁ ላፒሱን አንሡ። ሀ ቁጥርን ከክፍል ጋር ያወዳድራል፤ የክፍሉ ምኑ? ወደቀ። መ ቁጥርን ከተማሪዎች ጋር ያወዳድራል፤ ወደቀ። ለ እና ሐ ቀሩ። ቁጥር ነጠላ ነው። ሐ። አለቀ። ደረጃ 5፣ 6 እና 7 እዚህ ጥያቄ ውስጥ ሥራ የላቸውም፤ ሁሉንም ደረጃ በሁሉም ጥያቄ ላይ መሮጥ አይጠበቅባችሁም። 1፣ 2 እና 3 ግን አይቀሩም።

ጥንቃቄ

• ግራውን ሳትጽፉ ቾይዞቹን አታንብቡ። ቾይዝ ካነበባችሁ በኋላ ዓይናችሁ የሚያየው እነሱን ብቻ ነው። ግራውን ቀድማችሁ ከያዛችሁ የምትፈልጉትን ታውቃላችሁ።
• «ረዘም ያለው ቾይዝ ልክ ነው» የሚለውን ምክር አትስሙ። «ዛት ኦፍ» ያለበት ቾይዝ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሆነ ልጆች ባዩት ቁጥር ማጥቆር ይጀምራሉ። ፈተና አውጪውም ያውቃል። «ሐዋሳ ኢዝ ላርጀር ዛን ዛት ኦፍ ዲላ» የሚል ወጥመድ የሚመጣው ለዚህ ነው።
• «ዛት ኦፍ» እና የባለቤትነት «ኤስ» አንድ ላይ አይሄዱም። «ዛት ኦፍ ኃይሌስ» ካያችሁ ሰርዙት። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የኃይሌ ማድረግ ነው።
• «ዛን» እና «ዜን» በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። ሁለተኛው «ከዚያ በኋላ» ማለት ነው። ስህተት ፈልጉ በሚል ጥያቄ ውስጥ ስትጣደፉ ያልፋችኋል።

ከደብተሮች ላይ ደጋግሜ የማርማቸው

ግራውን መሳት ከሁሉ ይበዛል። ምክንያቱም ለግሱ ወይም ለ«ዛን» የቀረበው ስም ዓይን ይስባል። «ኦፍ» የሚለውን ቃል ካያችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከ«ኦፍ» በፊት ነው።

ሁለተኛው ተውላጠ ስም ነው። «ሂዝ ባግ ኢዝ ሄቪየር ዛን ሚ» ይላሉ። ቦርሳው ከእኔ ከሰውየው ጋር ተመዘነ። «ዛን ማይን» ነው። «ዩ» ሲሆን «ዩርስ»፣ «ሀር» ሲሆን «ሀርስ»። ይህም «ምኑ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ወዲያው ይወጣል፤ የእኔ ምኑ? ቦርሳዬ።

ሦስተኛው ትርጉሙን የሚቀይር ነው። «ሺ ሄልፕስ ሂም ሞር ዛን አይ ዱ» ማለት እኔ ከምረዳው በላይ እሷ ትረዳዋለች ማለት ነው። «ሞር ዛን ሚ» ከተባለ ግን እኔን ከምትረዳኝ በላይ እሱን ትረዳዋለች ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ዱ» ያለበት ቾይዝ ካለ ሐሳቡ ጥርት ስለሚል ፈተናው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ እሱን ነው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተለማመዱ

የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሰዓት ሥሩ። በቀን 10 የማነጻጸሪያ ጥያቄ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ግራና ቀኙን ደብተር ላይ ጻፉ፣ የምታውቁትም ቢሆን። እጃችሁ ሲለምድ ዓይናችሁ ይከተላል። በሁለተኛው ሳምንት ሰዓት ያዙና አንዱን በ37 ሰከንድ ለመጨረስ ሞክሩ። የተሳሳታችሁትን በሁለተኛ ቀን መልሱን ሳታዩ እንደገና ሥሩት። ያን ጊዜም ከሳታችሁት የትኛው ደረጃ ላይ እንደወደቃችሁ ከጎኑ ቁጥሩን ጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሮቹን ስታዩ የእናንተ ድካም የቱ ጋ እንደሆነ ታገኙታላችሁ። 4 ከበዛ ነጠላና ብዙ ነው፤ 8 ከበዛ የ«ከ» ዝርዝር ነው።

መሞከሪያ። መልሱን ሳታዩ ሥሩ።

1. «ዘ ዊንድ ኢን አዳማ ኢዝ ስትሮንገር ዛን (ሐዋሳ / ዛት ኢን ሐዋሳ)።»
2. «ማይ ሲስተር ኢዝ ታለር ዛን (ኤኒ / ኤኒ አዘር) ገርል ኢን ሀር ክላስ።»
3. «ኦፍ ዘ ቱ ሌክስ፣ ዝዋይ ኢዝ (ዘ ላርጀር / ዘ ላርጀስት)።»
4. «ዜር አር (ሌስ / ፊወር) ቦትስ ኦን ዘ ሌክ ቱደይ ዛን የስተርደይ።»
5. «አንላይክ ማይ ብራዘር፣ (ማይ ሃንድራይቲንግ ኢዝ ባድ / አይ ሃቭ ባድ ሃንድራይቲንግ)።»
6. «ዚስ ፎን ኢዝ ሱፒሪየር (ዛን / ቱ) ማይን።»

መልስ

1. ዛት ኢን ሐዋሳ። የሐዋሳ ምኑ? ነፋሱ። ነጠላ ነው።
2. ኤኒ አዘር። እህቴ ራሷ ክፍሉ ውስጥ አለች።
3. ዘ ላርጀር። ሁለት ሐይቅ ብቻ ነው።
4. ፊወር። ጀልባ ይቆጠራል።
5. አይ ሃቭ ባድ ሃንድራይቲንግ። ወንድሜ ሰው ነው፤ ከነጠላ ሰረዙ በኋላም ሰው መምጣት አለበት። የእጅ ጽሑፌ የወንድሜ እኩያ አይደለም።
6. ቱ። በአማርኛ «ከ» ቢሆንም «ሱፒሪየር» «ዛን» አይወስድም። ይህን ከሳታችሁ ወደ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ተመለሱ፤ ዝርዝሩን ዛሬ ማታ አንዴ ሳታዩ ጻፉት።